አልጠጋም የሚል ልጅ፦ ለማሳደጊያ ቤት ሠራተኞች ደረጃ በደረጃ

በማሳደጊያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ቅሬታ ሁሌም ይመሳሰላል። «ያላደረግንለት ነገር የለም። አቀፍነው፣ አለበስነው፣ አጫወትነው። በሁለተኛው ወር ሰሃን ወረወረብን።» ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሠራተኞቹም አልሰነፉም። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ፍቅሩ ቀድሞ መጣ፤ ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ግን ለልጁ የነገረው የለም።

እንዲህ ያለውን ልጅ «እወድሃለሁ» ብሎት የሄደ ትልቅ ሰው ብዙ ነው። ቃሉን ጠግቦታል። ያልጠገበው «ማታ 12 ሰዓት እመጣለሁ» ያለው ሰው በ12 ሰዓት መምጣቱን ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሽከረከሩት በዚህ ዙሪያ ነው።

መመሪያው ከ6 እስከ 12 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በትንሽ ቤት ለሚንከባከቡ ሰዎች ነው። ሳይኮሎጂስቱን አይተካም። ግን ሳይኮሎጂስቱ ልጁን የሚያየው በሳምንት ምናልባት አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን ከእናንተ ጋር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የምን ችግር ነው?

ቁርኝት የሚባለው ልጅ ሲፈራ፣ ሲያመው ወይም ሲጨንቀው ወደ አንድ የሚያምነው ትልቅ ሰው የሚሮጥበት ትስስር ነው። ያ ሰው ከጠፋ፣ ራሱ የሚያስፈራ ከሆነ ወይም በየጊዜው ከተቀያየረ ልጁ መሮጡን ይተዋል። አንዳንዱ ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ እንኳ ማንንም አይጠራም። ሌላው ደግሞ ገና ያየውን እንግዳ እጅ ይዞ ይሄዳል፣ ጭኑ ላይ ይቀመጣል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ2013 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) ጀምሮ ሁለቱን የተለያዩ ችግሮች አድርጎ ይመድባቸዋል። ይህን ያነሳሁት ሁለተኛው ልጅ «ተግባቢ ነው፣ ምንም አልሆነም» እየተባለ ስለሚታለፍ ነው።

የችግሩን ስም ግን እናንተ አታውጡለት። የባለሙያ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ልጁ እዚህ መምጣት አለበት ወይ?

1. ዕድሜውን እዩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉት፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ይላል። ያለ ምክንያት አይደለም። ቡካሬስት ውስጥ በ2000 በተጀመረና 136 ሕፃናትን ባካተተ ጥናት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከተቋም ወጥተው አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት ዘግይተው ከወጡት ይልቅ ቁርኝታቸው የተሻለ አገግሟል። ትንሽ ልጅ ሊልኩላችሁ ከሆነ አልጋ ከማንጠፋችሁ በፊት ስልክ አንሱ፤ ቤተሰብ ይፈለግለት።

2. ጤናውን አስመርምሩ። ጆሮ፣ ዓይን፣ የሚጥል በሽታ፣ ኦቲዝም። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ምናልባት አልሰማ ይሆናል። ወር ሙሉ «አኮረፈ» የተባለ ልጅ ጆሮው ሲታይ ሌላ ታሪክ ይወጣል።

3. መውጫውን ጠይቁ። ስንት ጊዜ ይቆያል? ከዚህ ወጥቶ ወደ ማን ይሄዳል? መልስ ከሌለ አሁኑኑ ይፈለግ። ልጁም በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ይጠይቃችኋል፤ ያኔ መንተባተብ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ታሪኩን ሰብስቡ

ፋይሉ አይበቃችሁም። ፋይል ልጁ ምን እንዳጠፋ ይነግራችኋል፤ እንዴት እንደሚተኛ አይነግራችሁም። በፊት ያሳደገውን ሰው ወይም የመጨረሻውን ሞግዚት በስልክም ቢሆን አግኙና እነዚህን ጠይቁ፦

- ስንት ቤት ተዘዋውሯል? በቅደም ተከተል፣ ከነዕድሜው።
- ከእያንዳንዱ ቤት ሲወጣ የተሰናበተው ሰው አለ? ወይስ ተኝቶ እያለ ነው የወሰዱት?
- ማታ ምን ያስፈራዋል? መብራት ያስጠፋል ወይስ ያስበራል?
- ሊናደድ ሲል መጀመሪያ ምን ያደርጋል?
- መነካት ይወዳል? የት ሲነካ ይደነግጣል?
- የሚሸከመው ዕቃ አለ? አሮጌ ልብስ፣ የተቀደደ አሻንጉሊት?

የመጨረሻውን አደራ። ዕቃው ቆሻሻ ቢሆንም አትጠቡት፣ አትጣሉት። ሽታው ነው ዋጋው።

መልሶቹን በአንድ ገጽ ጻፉና ሁሉም ተረኛ ያንብበው። የሌሊቱ ተረኛ በተለይ።

ደረጃ 3፦ ዋና ሰው መድቡ

ብዙ ቤቶች የሚወድቁት እዚህ ነው። «ሁላችንም እናቱ ነን» ይላሉ። ያማረ ንግግር ነው። ለልጁ ግን ሁሉም እናቱ ከሆነ ማንም አይደለም ማለት ነው።

1. አንድ ዋና ተንከባካቢና አንድ ምትክ ምረጡ። ሁለቱንም በስም።

2. ዋናው ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሥራ የማይለቅ ይሁን። እርግጥ የሰው ነገር አይታወቅም። ግን በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ሥራ እንደሚጀምር የሚያውቅ ሰው ይህን ኃላፊነት አይቀበል፤ ለልጁ አንድ ተጨማሪ የጠፋ ሰው ነው የሚሆንበት።

3. ፈረቃውን በልጁ ዙሪያ አውጡ። ዋና ሰዓቶቹ ሦስት ናቸው፦ መነሻ፣ ከትምህርት ቤት መመለሻ፣ መኝታ። ዋናው ሰው በተቻለ መጠን ከሦስቱ ሁለቱን ይያዝ። ቀትር ላይ ልጁ ክፍል እያለ ሙሉ ሠራተኛ አሰልፎ ማታ አንድ ሰው ማስቀረት ገንዘብ ማባከን ነው።

4. እንባ ጠራጊ እንግዶችን አስቁሙ። ለሁለት ሳምንት መጥቶ ልጆቹን አቅፎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄደው በጎ ፈቃደኛ ልቡ መልካም ሊሆን ይችላል። አጥር ይቀባ፣ መጽሐፍ ይደርድር። ልጅ ማቀፍ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

ድግስ የለም። ዘፈን የለም። ተሰልፎ መሳም የለም። ልጁ ፈርቷል፤ የፈራ ሰው የሚፈልገው መውጫና መግቢያውን ማወቅ ነው።

1. ዋናው ሰው በሩ ላይ ብቻውን ይቀበለው። ስሙን ይንገረው። እጁን ለሰላምታ ይዘርጋ፤ ልጁ ካልዘረጋ በፈገግታ ይመልሰው። እቅፍ አይጠየቅም።

2. በዚህ ቅደም ተከተል አሳዩት፦ ሽንት ቤት፣ አልጋው፣ የራሱ መሳቢያ፣ ምግብ ያለበት ቦታ፣ ማታ ትልቅ ሰው የሚተኛበት ክፍል። የመጨረሻውን በር አንኳኩቶ ይሞክረው። «ሌሊት ብትፈራ እዚህ ታንኳኳለህ፤ የሚከፍትልህ ሰው አለ።»

3. ሦስት ደንብ ብቻ ንገሩት። «እዚህ ቤት ማንም አይመታም። ስትወጣ ትነግረናለህ። ሲርብህ ትጠይቃለህ።» አሥራ አምስት ነጥብ ያለውን ደንብ ግድግዳ ላይ ተዉት።

4. ዋናው ሰው ከመሄዱ በፊት ይሰናበተው፣ የሚመለስበትንም ሰዓት ይናገር። ካለቀሰ ያልቅስ። እንዳያለቅስ ብሎ ተደብቆ መውጣት ግን ክልክል ነው። ልጁ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ ሰው ዞር ሲል መጥፋቱን።

5. በተባለው ሰዓት ተመለሱ። አምስት ደቂቃ የምትዘገዩ ከሆነ ደውሉና ይነገረው።

*ሲበላሽ፦* ልጁ ከመኪናው አልወርድም ቢል አትጎትቱት። ዋናው ሰው በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ። ውኃ ያቅርብለት። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ደረጃ 5፦ የጫጉላው ጊዜና ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ጸጥ ያሉ ናቸው። ልጁ ሰሃን ያጥባል፣ እሺ ይላል፣ ያመሰግናል። ሠራተኛው ይደሰታል፣ ሪፖርት ላይም «በሚገባ ተላምዷል» ተብሎ ይጻፋል። አትቸኩሉ። እንግዳ ሆኖ ነው ያለው። መረበሽ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቤቱን እየፈተነ ነው፦ «ክፉ ብሆንስ ያባርሩኛል?»

በዚህ ጊዜ የሚሠራው አሰልቺ ነው። አሰልቺ መሆኑ ነው መድኃኒቱ።

1. የፈረቃ ሰሌዳ በፎቶ ሥሩ። ዛሬ ማን ያድራል፣ ነገ ማን ይመጣል። ልጁ ራሱ ፎቶውን ይለውጥ። ሰው ቢቀየር ከልጁ በፊት ሰሌዳው አይቀየር፤ መጀመሪያ ንገሩት።

2. በየቀኑ 15 ደቂቃ የሁለት ሰው ጊዜ ይኑር። ያው ሰው፣ ያው ሰዓት። ስልክ የለም፣ ምክር የለም፣ የቤት ሥራ የለም። ልጁ ከመረጠው ጨዋታ ጋር። ቀን ላይ ቢያጠፋም ይህ ጊዜ አይቀማም። ይህን በቀይ አስምሩበት፤ 15 ደቂቃውን መቅጫ ያደረገ ቤት ልጁ የሚጠብቀውን መልስ ሰጥቶታል።

3. ምግብ አትቆልፉበት። ተርቦ ያደገ ልጅ ይደብቃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከትራስ ሥር የሻገተ ዳቦ አግኝቼ፣ ንጽሕና ላስተምር ብዬ፣ ልጁ እያየ ጣልኩት። በማግስቱ ድብቁ ወደ ሦስት ቦታ በዛ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክዳን ያለው ዕቃ በስሙ ስጡት፣ የማይበላሽ ነገር ሙሉበት፣ ሲጎድል ሳትጠይቁ ሙሉ። መደበቁ የሚቀንሰው ዕቃው አንድም ቀን ባዶ እንደማይሆን ሲያምን ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል።

4. ንክኪውን ለእሱ ተዉለት። መጀመሪያ ጎን ለጎን መቀመጥ። ከዚያ በጨዋታ መዳፍ ለመዳፍ ማጋጨት። ጫማ ማሰር፣ ቁስል ማጠብ፣ ፀጉር ማበጠር መልካም በር ናቸው፤ ምክንያት ያለው ንክኪ አያስደነግጥም። «ላበጥርህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካለ አይሆንም ነው።

5. ሁሉን ለሚያቅፍ ልጅ ተቃራኒውን ሥሩ። እንግዳ ሲመጣ ዋናው ሰው አጠገቡ ይቁም። «መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ፣ ከዚያ ሰላም እንላቸዋለን።» እንግዳው ላይ ሲንጠለጠል አትሳቁ፣ አታሞግሱ፤ በለሰለሰ እጅ ወደ እናንተ መልሱት።

*ሲበላሽ፦* ለሌላው ማር ሆኖ ለዋናው ሰው ብቻ እሬት ቢሆንስ? ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። «እኔን አይወደኝም፣ ሌላ ይመደብለት።» አትቀይሩ። ቁጣው ወደ እናንተ የዞረው ምናልባት ላጣችሁ እችላለሁ ብሎ መፍራት ስለጀመረ ነው። መጀመሪያ ግን ሰውየው ጎድቶት እንደሆነ በጥንቃቄ አጣሩ። ልጁን ለብቻው፣ ሌላ ሰው ይጠይቀው።

ደረጃ 6፦ ሲፈነዳ

*ከመፈንዳቱ በፊት።* እያንዳንዱ ልጅ ምልክት አለው። አንዱ እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ አንዱ ድምፁ ይቀጥናል፣ አንዱ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል። ሦስት ምልክቶቹን በደረጃ 2 በጻፋችኋት አንድ ገጽ ላይ ጨምሩ። ምልክቱን ስታዩ ጥያቄ አቁሙ፣ ሥራ ስጡት፦ ውኃ አምጣልኝ፣ ይህን ሳጥን አብረን እንግፋ፣ ደጅ ዞር እንበል።

*ከፈነዳ በኋላ።*

1. ሌሎቹን ልጆች ከክፍሉ አውጡ። እሱን አይደለም። ተመልካች ሲጠፋ ግማሹ ይበርዳል።

2. አንድ ሰው ብቻ ያናግረው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከበውት «ተረጋጋ!» ሲጮሁ የሚረጋጋ ሰው አይቼ አላውቅም።

3. ፊት ለፊት አትቁሙ። ወደ ጎን፣ ክንዱ ከማይደርስበት ርቀት፣ ቢቻል ተቀምጣችሁ። በሩን አትዝጉበት።

4. ቃል ቀንሱ። «እዚህ ነኝ። ማንም አይመታህም።» ከዚያ ዝም። በየሁለት ደቂቃው ያችኑ ድገሙ።

5. «ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁ። በዚያ ሰዓት መልሱን እሱም አያውቀውም። የልጆች የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ብሩስ ፔሪ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል ለዚህ ይጠቅማል፦ መጀመሪያ አካሉ ይረጋጋ፣ ቀጥሎ ከእናንተ ጋር ይቀራረብ፣ ማስረዳት መጨረሻ ላይ ይምጣ። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

6. ጠብቁት። ሲበርድ ውኃ፣ ብርድ ልብስ፣ ጸጥታ። ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆልፎ ማስቀመጥ የለም። መተው ላቆሰለው ልጅ እንደገና መተው ነው።

ማስጠንቀቂያ። ልጁን መያዝ የሚፈቀደው እሱ ወይም ሌላ ሰው አሁኑኑ ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው፤ የሠለጠነ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ። በሆዱ አታስተኙት። ደረቱ፣ ጀርባው ወይም አንገቱ ላይ ክብደት አታሳርፉ፤ ትንፋሽ አጥቶ ሊሞት ይችላል። «መተንፈስ አልቻልኩም» ካለ ወዲያው ልቀቁት። መናገር ከቻለ ይተነፍሳል ብላችሁ አትከራከሩ። ከዚያ በዚያው ቀን ጻፉ፣ ለኃላፊ አሳውቁ፣ ልጁ በሐኪም ይታይ።

ሌላም አለ። ቁርኝትን «በግድ ለማምጣት» ልጅን አፍኖ መያዝ፣ መጠቅለል፣ ዓይን በዓይን እንዲያይ ማስገደድ «ሕክምና» እየተባለ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። በ2000 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ «ዳግም ልደት» በተባለ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ታፍና ሞተች። ግዛቱ በማግስቱ ዓመት ድርጊቱን በሕግ ከለከለ። ይህን የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ የሰርተፍኬቱን ብዛት አትዩ። በሩን አሳዩት።

ደረጃ 7፦ መጠገን

ብዙ ቤት ከፍንዳታው በኋላ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ወይም ቅጣት አውጆ ይዘጋል። ሥራው ግን ገና አሁን ነው የሚጀምረው። የሕፃናትን ግንኙነት ያጠናው ኤድዋርድ ትሮኒክ ያሳየው አንድ ነገር አለ፦ ጤናማ እናትና ልጅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጣጣሙ ነው የሚያሳልፉት። ልዩነቱ እየተስተካከሉ መመለሳቸው ነው። የእኛ ልጆች ያላዩት መመለሱን ነው።

1. በዚያው ቀን፣ ከመኝታ በፊት፣ እናንተ ሂዱ። ልጁ ይቅርታ ይዞ እስኪመጣ አትጠብቁ።

2. ያጠፋችሁትን እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ጮኼብሃለሁ። ልክ አልነበረም።» ሥልጣናችሁ አይቀንስም።

3. ስሜቱን ገምቱ፣ አትፍረዱ። «አስተማሪዋ ወረቀትህን ስትቀድ እኔም የምጠላህ መስሎህ ይሆን?» ከተሳሳታችሁ ያርማችኋል። ማረሙ ራሱ ንግግር ነው።

4. የሰበረውን አብራችሁ ጠግኑ። አብራችሁ። መስኮት ከሰበረ ስባሪውን እናንተ አንሱ፣ እሱ መጥረጊያ ይያዝ። የሳምንት ጨዋታ መከልከል ከመስኮቱ ጋር አይገናኝም።

5. መጨረሻ ላይ ይችን በሉ፦ «ነገ ጠዋት እኔ ነኝ የምቀሰቅስህ።» ነገም ቀስቅሱት።

*ሲበላሽ፦* ፊቱን አዙሮ ጆሮውን ቢይዝ አትታገሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ውጡ። ወይም ጽፋችሁ በበሩ ሥር አስገቡለት።

ደረጃ 8፦ ሠራተኛውን ያዙ

አጭር ነው፤ ግን ካልተደረገ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። በሳምንት አንድ ቋሚ ስብሰባ ይኑር፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል። አጀንዳው የሰሃን ብዛት ሳይሆን «ይህ ልጅ እኔ ውስጥ ምን ይቀሰቅሳል?» ይሁን። ልጁ የሚጎዳ ቃል ተናግሮት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ የሚናገርበት ቦታ ካጣ በልጁ ላይ ይናገረዋል።

የቀን መዝገቡንም አርሙ። «ዛሬ ተንኮለኛ ሆኖ ዋለ» አይጻፍም። «8 ሰዓት ላይ እናቱ እንደማትመጣ ተነገረው። 8:20 ላይ ወንበር ገለበጠ» ይጻፍ። እንዲህ ሲጻፍ ነው ልጁን ምን እንደሚቀሰቅሰው የሚታየው።

ራሳችሁ የማትይዙት

ራሱን የሚቆርጥ፣ መሞት እፈልጋለሁ የሚል፣ እሳት የሚለኩስ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ፣ ሌሎች ልጆችን በወሲብ መንገድ የሚነካ ወይም ክብደቱ እየወረደ ያለ ልጅ ካለ በዚያው ቀን ባለሙያ ጥሩ። «ትንሽ እንየው» አይባልም። የሚነካው ልጅ ራሱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹን ጠብቁ፣ እሱን አታዋርዱት። ልጁ ምስጢር ጠብቁልኝ ካለም ቃል አትግቡለት። «አንተን ለመጠበቅ የግድ የምነግረው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ማን እንደሆነ ግን አስቀድሜ እነግርሃለሁ» በሉት።

ደረጃ 9፦ ሲሸኝ

1. ቀኑ እንደታወቀ ንገሩት። ዋናው ሰው ይንገረው፣ ከመኝታ ሰዓት ርቆ፣ ጠዋት ላይ።

2. የቀን መቁጠሪያ ስቀሉለት። በየቀኑ አንድ ቀን ይሰርዝ።

3. ወደ አዲሱ ቤት በደረጃ ይግባ፦ አንድ ከሰዓት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ። ዋናው ሰው የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አብሮት ይሂድ።

4. እንደ አዲስ ቢፈነዳ፣ ቢሸና፣ ቢሰርቅ ዕቅዱን አትሰርዙ። «ገና አልዳነም» ማለት ላይሆን ይችላል። እየተሰናበተ ነው። ፍጥነቱን ግን ቀንሱ።

5. ሳጥን አዘጋጁለት፦ ፎቶዎች፣ የሳላቸው ሥዕሎች፣ የሰዎቹ ስም፣ መቼ መጣ፣ መቼ ወጣ። ዕቃው በፌስታል አይሸከም። የራሱ ሻንጣ ይኑረው።

6. የምትደውሉበትን ቀን ተስማሙ። ማድረግ የምትችሉትን ያህል ብቻ፤ በወር አንዴ ከሆነ በወር አንዴ። ስልኩን አላናግርም ካለ ለአሳዳጊው «ደውዬ ነበር በሉት፤ በሚቀጥለው ወርም የመጀመሪያው ቅዳሜ እደውላለሁ» በሉ። ቅዳሜው ሲደርስ ደውሉ።